አዲሱን የፋይበር ሞደምና የቤት ስልኩን መተዋወቅ፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጀመሪያው የመብራት መጥፋት

እማዬ ቤት ፋይበር የገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቴክኒሺያኑ ቡናውን ጠጥቶ እንደወጣ እማዬ ከቡፌው መሳቢያ ነጭ ዳንቴል አወጣችና ሳጥኑን አለበሰችው። ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው፣ የድሮው ስልክም ነበረው። አዲሱ እቃ ለምን ይቅርበት? ማታ ላይ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ትኩሳት ይዞታል። ኢንተርኔቱም መጣ ሄደ እያለ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ ዳንቴሉን ሳነሳው ሳጥኑ እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። በረድ ሲልለት ኢንተርኔቱም ተስተካከለ። ከዚያ እሷና እኔ ወንበር ስበን ፊት ለፊቱ ተቀመጥንና እያንዳንዱን መብራትና እያንዳንዱን ቀዳዳ አየን። አንድ ሰዓት ቢፈጅብን ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ከዚያ ወዲህ ብዙ ምልልስ አስቀርታልናለች። እናንተም ፋይበር ካስገባችሁ፣ ሳጥኑን ደህና በሆነበት ቀን ተዋወቁት። መስመሩ ተበላሽቶ፣ ስብሰባ ደርሶባችሁ፣ ልጆች እየጮሁ «ይቺ መብራት ምን ነበረች?» ማለት ከባድ ነው።

የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደውን የኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር መስመር እያሰብኩ ነው። ሌላ አገር ላላችሁም ስልክ ቁጥሮቹ ይለያሉ እንጂ የሳጥኑ አሠራር ያው ነው።

ቤት የገባው ምንድን ነው?

ከፖሉ ወይም ከሕንፃው ማከፋፈያ ተነስቶ ቤት የገባው ቀጭን ገመድ ውስጡ መዳብ የለውም። ብርጭቆ ነው። የብርጭቆው ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ከእሱ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ፊልሙም፣ የቪዲዮ ጥሪውም፣ የቤት ስልኩም የሚያልፉት በዚያች ውስጥ ነው።

ክሩ ግድግዳ ላይ የተመታች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያልቃል። ከእሷ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አጭር ገመድ ይነሳና ዋናው ሳጥን ላይ ይሰካል። ዋናውን ሳጥን እኛ «ሞደም» ወይም «ራውተር» እንለዋለን፣ ቴክኒሺያኖች «ኦኤንቲ» ይሉታል። ሦስት ሥራ አለው። በብርሃን የመጣውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኢንተርኔቱን በዋይፋይና በኬብል ያከፋፍላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ የቤት ስልኩን ድምፅ እየቆራረጠ በኢንተርኔት ቋንቋ ወደ ቴሌ ይልካል፣ ከዚያ የመጣውንም መልሶ ድምፅ ያደርጋል። ስለዚህ የቤት ስልካችሁ አሁን የሚኖረው በዚህ ሳጥን ነፍስ ነው። ሳጥኑ ከጠፋ ስልኩም ይጠፋል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ አረንጓዴውን ጫፍ ነቅላችሁ ወደ ውስጥ አትመልከቱ፣ ልጆችም እንዳያዩበት። ብርሃኑ በዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር ነው፤ ምንም ስላላያችሁ የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጫፉን በጣት አትንኩ። የጣት ቅባትና አቧራ 9 ማይክሮን ለሆነ መንገድ ትልቅ ድንጋይ ነው።

ቴክኒሺያኑ ሳይወጣ

ቡናው እየተፈላ እነዚህን ጨርሱ። እሱ እያለ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው፣ ከሄደ በኋላ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በቤት ስልኩ ወደ ሞባይላችሁ ደውሉ። ከዚያ በሞባይላችሁ ወደ ቤት ስልኩ ደውሉ። ሁለቱንም። ወደ ውጭ እየደወለ ከውጭ ሲደወልለት የማይጮህ መስመር አለ፤ ዘመድ «ደወልኩ፣ አይነሳም» እስኪላችሁ ድረስ አታውቁትም።

ላፕቶፕ ካላችሁ በኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። ለምን በኬብል? ዋይፋይ በግድግዳና በርቀት ስለሚደክም መስመሩን በትክክል አያሳይም። በኬብል የወጣው ቁጥር ከገዛችሁት ፓኬጅ ጋር ከተቀራረበ መስመሩ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ጓዳ ውስጥ ቢዘገይባችሁ ችግሩ የቤታችሁ ግድግዳ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን ላንሳ። ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል። 100 ሜጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ 80 ሰከንድ ይወስድበታል። ይህን ሲያዩ «10 ብዬ ከፍዬ 1 ነው የሰጡኝ» የሚሉ አሉ፤ አልተታለላችሁም።

በመጨረሻ ሁለት ፎቶ አንሱ። የመጀመሪያው ሳጥኑ ጀርባ ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት። የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱ፣ የሳጥኑ መለያ ቁጥርና የማስተካከያ ገጹ አድራሻ ያሉት እዚያ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ በፎቶ አስፍቶ ማንበብ ይቀላል። ሁለተኛው ፎቶ ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ የሳጥኑን ፊት ከነመብራቶቹ። ይህን ፎቶ እንደ ጤና ካርድ ቁጠሩት። በሌላ ቀን ችግር ሲመጣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የትኛዋ መብራት እንደተለወጠች ታያላችሁ። ለእማዬ ፎቶውን አሳጥቤ ቡፌው በር ውስጥ ለጥፌላታለሁ።

የት ይቀመጥ?

ዳንቴሉ ትምህርት ሆኖናል፦ ሳጥኑ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። አይሸፈን፣ ዲኮደር ላይ አይደረብ፣ መስታወት የተዘጋበት ቡፌ ውስጥ አይግባ። ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ደፍ ላይም አይሁን። መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ቤት በታጠበ ቁጥር ስጋት ነው። ደረት የሚያህል ከፍታ ያለው መደርደሪያ ወይም ግድግዳ ላይ መስቀል ጥሩ ነው።

ለዋይፋዩ ስትሉ ከተቻለ ቤቱ መሃል ይሁን። ብሎኬትና ኮንክሪት ምልክቱን ክፉኛ ይይዙታል። ቆርቆሮ፣ ፍሪጅና ትልቅ መስታወት ይመልሱታል። ማይክሮዌቭ አጠገብ ከሆነ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ዋይፋዩ ይረበሻል፤ የሚጠቀሙት ሞገድ ተቀራራቢ ነውና።

ከመጣው ገመድ አትጣሉ። ሳጥኑን ራቅ ለማድረግ ብላችሁ ፋይበሩን አትሳቡ፣ በበር ስር አታሳልፉ፣ በሚስማር ጠበቅ አድርጋችሁ አትምቱ። ሲታጠፍ እንደ ሻይ ስኒ አፍ ሰፋ ያለ ክብ ይሥራ። እንደ ወረቀት ከታጠፈ ብርሃኑ በመታጠፊያው ይፈሳል፤ ገመዱ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰበርም ይችላል። የተረፈውን ገመድ ሰብሰብ አድርጋችሁ በልል ማሰሪያ ስቀሉት። አይጥ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

መብራቶቹ የሚሉት

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የመብራቶቹ ስምና አደራደር እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ትርጉማቸው ግን ተቀራራቢ ነው። ወንበር ሳቡና አብራችሁኝ እዩ።

«ፓወር» የሚለው ግልጽ ነው። ከጠፋ ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ ቻርጀሩን እዩ። ሳጥኑ ጀርባ ወይም ጎን ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ እንዳለም አትርሱ፤ አቧራ ሲጠረግ ሳይታሰብ ይጫናል።

ከሁሉም በላይ ልታውቋቸው የሚገቡት ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፦ «ፖን» እና «ሎስ»። «ፖን» ሳትንቀጠቀጥ አረንጓዴ ስታበራ ሳጥኑ ከቴሌ ጋር በብርሃን ተገናኝቷል፣ ተመዝግቧልም ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ካለች እየሞከረች ነው፤ ሳጥኑ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ማድረጓ ያለ ነው። «ሎስ» ግን በጤናው ጊዜ ጭራሽ መብራት የለባትም። ቀይ ካበራች ወይም በቀይ ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃኑ አልደረሰም ወይም ደክሟል። እማዬ ይህን የያዘችው በራሷ መንገድ ነው፦ «አረንጓዴዋ ትኑር፣ ቀይዋ አትምጣ።» ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም።

«ኢንተርኔት» የሚል መብራት ያላቸው ሞዴሎች አሉ። «ፖን» ደህና ሆና ይህች ከጠፋች ገመዱ አልተበጠሰም፤ አገልግሎቱ ወይም የመስመሩ ምዝገባ ላይ ነው ነገሩ። «ላን» የሚሉት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብለው በኬብል ለተሰካ እቃ ናቸው፤ እቃ ያልተሰካበት መጥፋቱ ልክ ነው። «ደብሊው ላን» የሚለው ዋይፋይ ነው። ጠፍቶ ካያችሁት ከጎን ያለች የዋይፋይ ቁልፍ ተነክታ ሊሆን ይችላል።

«ቴል» ወይም «ፎን» የምትለው የቤት ስልኩ ናት። ስታበራ ስልኩ ቴሌ ዘንድ ተመዝግቧል፣ ለመደወል ዝግጁ ነው። ስልኩን ስታነሱ ወይም ስታወሩ ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማንም ሳያወራ እንዲያ ካለች ከመኝታ ቤቶቹ አንዱ ውስጥ እጄታው በደንብ ያልተቀመጠ ስልክ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ፈልጉት። «ቴል» ጭራሽ ከጠፋችና «ፖን» ግን ደህና ከሆነች፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ ስልኩ ብቻ ተለይቶ ወድቋል። ስትደውሉ ይህን ለይታችሁ ንገሯቸው።

ወደ ውስጥ መግባት፣ ስምና ፓስወርድ መቀየር

ቴክኒሺያኑ ሲሄድ የዋይፋዩ ፓስወርድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። ሳጥኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩት።

ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ በዚያው ዋይፋይ ላይ እያለ ብሮውዘር ክፈቱ። ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። በብዙዎቹ የሁዋዌ ሳጥኖች 192.168.100.1 ነው፤ በብዙዎቹ የዜድቲኢ ሳጥኖች 192.168.1.1። ጎግል መፈለጊያ ውስጥ ሳይሆን አድራሻው ቦታ ላይ መሆኑን አስተውሉ። ገጹ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ የምታወሩት ቤታችሁ ውስጥ ካለ ሳጥን ጋር ነው። መግቢያ ስምና ፓስወርዱ እዚያው ወረቀት ላይ አለ።

ከገባችሁ በኋላ «ደብሊው ላን» ወይም «ዋይፋይ» የሚለውን ክፈቱ። ስሙን በላቲን ፊደል ብትጽፉ ይሻላል፤ ቆየት ያሉ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች የግዕዝ ፊደል ሲያዩ ካሬ ካሬ ያደርጉታል። የቤተሰብ ስምና የቤት ቁጥር አታስገቡበት። ፓስወርዱ ቢያንስ 8 ፊደል ይጠይቃል፤ እናንተ 12 እና ከዚያ በላይ አድርጉት። በየቤቱ የማየው ልማድ የአባወራውን ሞባይል ቁጥር ፓስወርድ ማድረግ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ለእናንተ ብቻ ትርጉም ያላቸውን ሦስት አራት ቃላት ገጣጥሙ። የመቆለፊያው ዓይነት «ደብሊው ፒ ኤ 2» ወይም 3 ይሁን። «ደብሊው ፒ ኤስ» የሚል (ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኝ) ካለ አጥፉት። የመግቢያውንም ፓስወርድ ቀይሩና ሁለቱን ደብተር ላይ ጻፉ። የልደት የምስክር ወረቀት ከሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ።

ሁለት ስም ካያችሁ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ 5 ጂ ካለው፣ ሁለቱም የእናንተ ናቸው። የሞባይሉ 5ጂ ማለት አይደለም፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ነው። እሱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ቀስ ይላል ግን ርቆ ይሄዳል። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ፈጣኑን ይያዝ፣ መኝታ ቤት ያሉት ስልኮች ሌላውን።

ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ካለና ዋይፋዩ እዚያ ካልደረሰ፣ አቅም መጨመሪያ ተብለው ሶኬት ላይ ብቻ ከሚሰኩት ይልቅ ኬብል መዘርጋትን እመርጣለሁ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር አድርጉ፤ ኬብሉን «ላን» ቀዳዳው ላይ ሰኩና የራሱን «ዲኤችሲፒ»፣ ማለትም ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፉ። አድራሻ የሚያድለው ዋናው ሳጥን ብቻ ይሁን። ሁለቱም ካደሉ ስልኮች ይጋጫሉ። የሁለተኛው ራውተር የራሱ አድራሻም ከዋናው ጋር አንድ እንዳይሆን ቀይሩለት።

ሌላው የገጹ ክፍል፣ በተለይ «ዋን» እና «ቮይስ» የሚሉት፣ የቴሌ ቤት ነው። አትንኩት። እዚያ ያሉት ቁጥሮች መስመራችሁንና ስልካችሁን ከቴሌ ጋር የሚያስተዋውቁ ናቸው።

«ሪስታርት» ሌላ፣ «ሪሴት» ሌላ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ብዙ ቤት ስላስለቀሰ ነው። ሪስታርት ማለት ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆዩና ሰኩት። ምንም አይጠፋም።

ሪሴት ግን ሳጥኑ ላይ ያለች፣ በመርፌ ወይም በወረቀት ክሊፕ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ ናት። ለ10 ሰከንድ ገደማ ተጭና ስትቆይ ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። የዋይፋይ ስማችሁ ብቻ ቢጠፋ ባልከፋ። ቴክኒሺያኑ ያስገባቸው የመስመርና የስልክ ቁጥሮችም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያኔ ቤት ድረስ ሰው መጠበቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሪሴት አድርገው» የሚሉ ምክሮች ሱቅ ለተገዛ ራውተር የተጻፉ ናቸው። ለፋይበር ሳጥን ካልታዘዛችሁ በቀር አታድርጉት። እማዬ ቤት ቀዳዳዋ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈናል፤ የልጅ ልጆች ስለሚመጡ።

የቤት ስልኩ

የስልክ ቀዳዳው ከኔትወርኩ ቀዳዳ ያንሳል፤ «ቴል 1» ወይም «ፎን» ይላል። የስልኩ ሶኬት ትልቁ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል፣ ግን አይሠራም፤ የውስጡንም ጥርሶች ሊያጣምም ይችላል። «ቴል 2» የሚል ካለና ሁለተኛ ቁጥር ካላስገባችሁ እሱ ባዶ ነው። የመጀመሪያው ላይ ሰኩት፣ አንሱት፣ ያ የለመዳችሁት «ቱ……» የሚል ድምፅ ከመጣ ዝግጁ ነው።

የድሮ ስልካችሁን መጣል የለባችሁም። ቁልፍ ያለው ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራል። ጣት አስገብተው የሚያዞሩት የጥንቱ ስልክ ግን ሲደወልለት ቢጮህም ለመደወል ብዙዎቹ ሳጥኖች አይረዱለትም።

ቤታችሁ ቀድሞ የመዳብ መስመር ከነበረውና በየክፍሉ የስልክ ሶኬት ካለ፣ ሳጥኑን ከዚያ ሽቦ ጋር ማገናኘት ያምራችኋል። ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያ ከውጭ የሚገባው የድሮ መዳብ መቆረጥ አለበት። በዚያ መዳብ 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ይመጣበት ነበር። አዲሱ ሳጥንም የራሱን ወደ ሽቦው ይልካል። ሁለቱ ከተገናኙ ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል። ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ስልኩ ሲወራበት ኢንተርኔቱን ይሻማል ብላችሁ አትስጉ። አንድ የድምፅ ጥሪ ከነማሸጊያው ወደ 100 ኪሎ ቢት ቢፈልግ ነው፤ የ10 ሜጋ ቢት መስመር መቶኛ ማለት ነው። ዋይፋዩን ብታጠፉትም ስልኩ ይሠራል፤ ከዋይፋይ ጋር ጉዳይ የለውም።

ከውጭ አገር ለሚደውሉላችሁ ቁጥሩን በትክክል ስጧቸው። የአዲስ አበባ የቤት ስልክ 011 ብሎ ይጀምራል፤ ከውጭ ሲደወል 251 ቀድሞ ዜሮው ይወድቅና 251 11 ይሆናል። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ዜሮውን ሳታነሳ ስትደውል «ቁጥሩ የለም» እየተባለች ከርማለች። ደግሞም ከቤት ስልኩ ወደ ውጭ መደወል የዓለም አቀፍ ጥሪ ታሪፍ አለው። በዋትስአፕና በቴሌግራም መደወል ከኢንተርኔቱ ፓኬጅ ነው። ሳጥኑ አንድ ቢሆንም ሂሳቡ ሁለት መሆኑን ለትልልቅ ሰዎች ንገሯቸው።

መብራት ሲጠፋ

የድሮው ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ኃይሉ በዚያው መዳብ ከቴሌ ጣቢያ ስለሚመጣ ነው። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ አሁን የሰፈሩ መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱም ስልኩም አብረው ይሄዳሉ። ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፖሊስ 991፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ብሎ ስልኩ ጎን መለጠፍ ጥሩ ነው፤ ግን ስልኩ ሲጠፋ ወረቀቱ አይደውልም። ቻርጅ ያለው ሞባይል ሁልጊዜ አጠገባቸው ይኑር።

መልካሙ ወሬ ይኸውላችሁ። መንገድ ላይ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚከፍለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ብርሃኑን ብቻ ነው የሚከፍለው። ቴሌ ጣቢያው ደግሞ የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር ይኖረዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ጨልሞ ሳለ የእናንተ ሳጥን ብቻ ኃይል ካገኘ፣ ኢንተርኔቱም ስልኩም ሊቀጥሉ ይችላሉ። ለዚህ «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚባል፣ መጽሐፍ የሚያህል ባትሪ ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑን ቻርጀር አገላብጡና «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 1 ወይም 1.5 ወይም 2 አምፒር ነው። ቮልቱ በትክክል አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የዲኮደሩ ወይም የሌላ እቃ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ አትሰኩት፤ ቮልቱ ከበለጠ ሳጥኑን ይዞት ይሄዳል።

የሚቆይበትን ጊዜ ራሳችሁ አስሉት። ባትሪው ላይ 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ካለ፣ በ3.7 ቮልት አባዙት፦ 32.5 ዋት ሰዓት ያህል ይመጣል። ሳጥኑ 10 ዋት ቢበላ በወረቀት ከ3 ሰዓት ያልፋል፤ የሚባክነው ሲቀነስ 2 ሰዓት ተኩል ጠብቁ። መቀመጫው ላይ ቻርጅ የሚደረግ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ካላችሁ ግን መቀመጫውም መብራት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግለው ባለገመዱ ተራ ስልክ ነው። አንድ አስቀሩ።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ መብራቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ነቅላችሁ ቆዩ።

ሲበላሽ ከየት ልጀምር?

ከመብራቶቹ። ፎቶውን አውጡና አስተያዩ።

«ሎስ» ቀይ ከሆነች ሪስታርት ደጋግማችሁ ጊዜ አትፍጁ። አረንጓዴው ጫፍ ጠቅ ብሎ መግባቱን፣ ገመዱ የሶፋ እግር ስር አለመግባቱን፣ አለመታጠፉን እዩ። ይህ ደህና ከሆነ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ።

«ፖን» ደህና ሆና ኢንተርኔት ከሌለ መጀመሪያ ሂሳብ መከፈሉን በቴሌብር እዩ። ተከፍሎ ከሆነ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉና 5 ደቂቃ ታገሱ። አንድ ስልክ ብቻ እምቢ ካለ ሳጥኑን ተዉት፤ ስልኩ ላይ ያንን ዋይፋይ አስረሱትና ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ። ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ በማስተካከያው ገጽ ስንት እቃ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ ቁጠሩ፤ የማታውቁት ስም ካለ ፓስወርዱን ቀይሩ።

የቤት ስልኩ ድምፅ ከሌለው በየክፍሉ ያሉትን ነቅላችሁ አንዱን ስልክ በአጭር ገመድ ቀጥታ «ቴል 1» ላይ ሰኩ። ከሠራ ችግሩ የቤቱ ሽቦ ነው። ካልሠራ በሌላ ስልክ ሞክሩ። ያም ካልሠራ ደውሉ።

ስትደውሉ «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ብቻ አትበሉ። የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዛችሁ፣ «ፖን አረንጓዴ ናት፣ ሎስ ጠፍታለች፣ ቴል አትበራም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጌያለሁ» በሉ። ማዶ ያለው ሰው ወዲያው ሥራው ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ሐሙስ እማዬ ሰፈር መብራት ሄደ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የቤት ቁጥሯ ነው። ደንግጬ አነሳሁት። «ልጄ፣ ሻማ አብርቼ ነው የማወራህ። አረንጓዴዋ አለች፣ ቀይዋ አልመጣችም፣ የስልኳ ደግሞ አሁን ብልጭ ድርግም ትላለች» አለችኝ። እኔ ገና «እሺ እማዬ» ከማለቴ «በል ዝጋው፣ እህትህ ልትደውል ነው» ብላ ዘጋችብኝ።